አንድ ኮከብ የሰጠሁት ማጫወቻ

ልጆቼ፣ ይሄ ከሰው የሰማሁት አይደለም።

የሰው ወሬማ ሞልቶኛል። ይሄ የራሴ ነው፣ በራሴ ላይ የደረሰ። ቃል ጨምሬ ከሆነ ይሄ የተቀመጥኩበት ወንበር ይገልብጠኝ።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ፀሐይ አለ። ታች ግቢው ውስጥ ሴቶች ምንጣፍ እያራገፉ ይሳሳቃሉ። አስፈሪ ነገር ጨለማ ይጠብቃል የሚል ሰው ካለ... እኔ ቤት መጥቶ አያውቅም።

ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የወጥ ቤቱ መስኮት የጀርባውን ግቢ ያሳያል። ወንበሬ እዚያ ናት። ፊቴ ወደ መስኮቱ፣ ጀርባዬ ወደ በሩ። ጉልበቴ ደረጃ አልወርድም ካለ ዓመት ሆኖታል፣ እንግዲህ ዓለሜ ይቺ መስኮት ናት። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን አዲስ ጫማ አደረገ... ከእኔ አያመልጥም።

ልጄ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። "ለግቢው ካሜራ እንግጠም ሲሉኝ፣ ምን በወጣችሁ፣ እናቴ አለች አልኳቸው" እያለ ይስቅብኛል።

እሱው ነው ስልኩን የገዛልኝ። ቪዲዮ ማጫወቻም ጫነበት። ትምህርት ሦስተኛ ክፍል ላይ ጥሎኝ ሄዷል፤ ማንበቡን አነባለሁ፣ ግን እንደ ደረጃው ነው፣ በየመሀሉ አርፋለሁ። መጻፉን ደግሞ ለስልኩ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። አሁንም እንደዚያው ነው የምነግራችሁ።

ቀስ ብዬ ነው የምነግራችሁ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ይገባችኋል።

...

ነገሩ የጀመረው ከአራት ወር በፊት ነው።

ምራቴ ልብስ ሰፊ ናት። ጣቷ እንደ መርፌ ቀጭን፣ አፏ እንደ ኪስ የተሰፋ። ወሬ አትወድም። እንግዲህ ከእኔ ጋር እንዴት ትስማማ?

አንድ ቀን፣ በዚህችው ሰዓት፣ ግቢው ውስጥ አየኋት። ከማላውቀው ሰውዬ ጋር ቆማለች። ሰውዬው እጇን ያዘ። እሷ... ታለቅሳለች።

አቤት የእኔ ልብ! እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ።

ስልኬን አንስቼ ቀረጽኳት።

አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ናት ቪዲዮዋ። ይቺን አሥራ ዘጠኝ ያዙልኝ።

መጀመሪያ ያሳየሁት ለማይክ ነው። ማይክ ከምድር ቤት ጸጉር የምትሠራዋ ልጅ ናት። ነገር ከሰማች ሰፈሩ ሰማ ማለት ስለሆነ እኔው ነኝ ማይክ ያልኳት። አይታ አይታ...

"እትዬ፣ ይሄንን ለልጅዎ እንዳያሳዩት" አለችኝ።

"ለምን?"

"ድምፅ የለውማ። ምን እንደተባባሉ ሳናውቅ የሰው ቤት አናፍርስ።"

ማይክ! ያውም እሷ!

እኔ ግን ለልጄ አሳየሁት።

ማታ እራት ላይ፣ "ማን ነው?" አላት።

"ደላላ ነው።"

"ደላላ እጅ ይዞ ያስለቅሳል?"

እኔን አየችኝ። እኔ ድስት ከፍቼ ወደ ውስጥ አየሁ። ድስቱ ባዶ ነበር።

"ጥራውና ጠይቀው" አለችው። "ግን እሱን አምነህ እኔን ካላመንክ... ምን ያደርግልኛል?"

ልጄ እልኸኛ ነው፣ አልጠራውም። እሷም ሚጢጢን አቅፋ እህቷ ቤት ሄደች።

ሚጢጢ የልጅ ልጄ ናት፣ አራት ዓመቷ። ጭኔ ላይ ተቀምጣ በመስኮቷ አብራኝ የምታየዋ። "አያዬ፣ ዛሬ ማን መጣ?" የምትለኝ።

አራት ወር ሙሉ ያንን የሚጠይቀኝ የለም።

...

አሁን ወደ ማጫወቻው ልምጣ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ስልኩ ላይ ጽሑፍ መጣ። "ማጫወቻችንን እንዴት አገኙት? ኮከብ ይስጡ።" አምስት ኮከቦች ተደርድረዋል።

እኔ ደግሞ አመስግኜ አንድ ሰጠሁ።

አትሳቁ። አንደኛ የወጣ ልጅ አንደኛ ነው የሚባለው። አምስተኛ መውጣት ማን ይፈልጋል?

ወዲያው መልስ መጣ።

"አንድ ኮከብ በመስጠትዎ አዝነናል። ምን እናሻሽል?"

ውይ፣ አሳዘንኳቸው አልኩ። እዚያ ማዶ አንድ ደህና ልጅ ተቀምጦ የሚያነብልኝ ነው የመሰለኝ። ስለዚህ ተናገርኩለት፣ "ልጄ፣ ሥራህ ደህና ነው፣ አትዘን። ጆሮዬ ስለደከመ ድምፁን ጨምርልኝ።"

ከታች "ለምሳሌ የሚሆን ቪዲዮ ያያይዙ" ይላል።

አያያዝኩ። የቷን? ያችኑ። ድምፅ የሌላት እሷ አይደለች? ደግሞስ... ወሬ ለብቻ አይጣፍጥም። "ይቺ ምራቴ ናት፣ ጉዷን እይልኝ" ብዬ ጨመርኩለት።

በገዛ እጄ ነው የላክሁት ልጆቼ። ማንም አላስገደደኝም።

በማግስቱ፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት... ጢን!

"በእርስዎ ሃሳብ መሠረት ድምፅ ተሻሽሏል። እናመሰግናለን።"

ያችን ቪዲዮ ከፈትኩ። ነፋሱ ተሰማኝ። የምንጣፉ ድብደባ ተሰማኝ። ከሦስተኛ ፎቅ፣ በተዘጋ መስኮት የተቀረጸ እኮ ነው!

ሰውዬው፣ "በቃ አታልቅሺ እህቴ፣ ተገኝቷል" አለ።

ምራቴ በሹክሹክታ፣ "ማንም እንዳይሰማ... በድንገት ነው ላሳያቸው የምፈልገው" አለች።

ተገኝቷል? ምኑ? ማንን ነው የምታሳየው?

ከዚያ ከስልኩ አጠገብ፣ በጣም ከቅርብ፣ አንዲት አሮጊት ሳቀች።

"ያዝኳት!" አለች።

ሰውነቴ ተሸማቀቀ። እንዴት ያለ ክፉ ሳቅ ነው! ይቺ ደግሞ ማናት ብዬ...

እኔው ነኝ።

...

ሰው የራሱን ሳቅ እንደዚያ ሲሰማ ይተኛል? አልተኛሁም። ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባል የለ፣ አሁን ደግሞ ነገሩን ማጣራት አማረኝ።

ሁለተኛ ሃሳብ ላክሁ። "ልጄ፣ ዓይኔም ደክሟል። ምስሉን በጣት ስዘረጋው ወለል ብሎ እንዲታይ አድርግልኝ።"

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት... ጢን!

ዘረጋሁት። የሰውዬው እጅ መጣ። ለካ እጇን ዝም ብሎ አልያዘም፣ ቁልፍ እያስጨበጣት ነው። የቤት ቁልፍ። ክሩ ላይ ወረቀት ተንጠልጥሏል።

ደላላ።

ደላላ ነው ያለችን እውነቷን ነው።

ወረቀቱን ላነብ ጣቴን ብስብ ምስሉ ወደ ጎን ሸሸ፤ እዚያ ግቢው ውስጥ የቆመች መኪና ላይ አረፈ። መስታወቷ እንደ ውሃ ነው። የእኛ ፎቅ ይታይበታል። የእኛ መስኮት ይታይበታል። እኔ ስልኬን ደግኜ እታያለሁ፣ አረንጓዴ ሻሼን አስሬ።

ከኋላዬ ሰው ቆሟል።

እሱም ስልክ ደግኗል... ወደ እኔ።

ልጆቼ፣ ያን ቀን ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ልጄ ሥራ፣ ምራቴ ታች፣ ሚጢጢ ትምህርት ቤት።

ቀስ ብዬ ዞርኩ። በሩ ተዘግቷል። ተነስቼ ቁልፉን አዞርኩትና ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወዲያ ሃሳብ አልላክሁም። በልጄ ይሁንብኝ፣ አንዲት ቃል አልላክሁም።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን...

ጢን!

"በተጠቃሚዎች ሃሳብ መሠረት፦ ተቆርጦ የወጣው ተመልሷል።"

ምን ተጠቃሚ? ማን ጠየቀ?

ቪዲዮዋን አየኋት። አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ አይደለችም። አንድ ደቂቃ ከአሥር ሆናለች።

ያዙልኝ ያልኳችሁ ይሄንን ነው። ስቀርጽ አንድ ደቂቃ ከአሥር ነበረች። ማጫወቻው ላይ የመቀስ ሥዕል አለ፤ መቀስ ደግሞ ማንበብ አይጠይቅም። ራሷንም ጭራዋንም ቆርጬ ጣልኩት። እጅና እንባ ብቻ አስቀረሁ።

ስልኩም አጥፍቶት ነበር። አሁን ግን ይኸው...

ምራቴ ለደላላው እየነገረችው ነው። "ደረጃው ጉልበታቸውን ጨረሰው። ምድር ቤት ይሁንልኝ ያልኩህ ለዚህ ነው። ግን መስኮት ይኑረው ያልኩህስ? ሰው የሚያልፍበት ጋ። ያችን የመሰለች።" እጇን ወደ እኔ ቀሰረች። ያን ጊዜ አየችኝ ብዬ የቆረጥኳት እዚህ ጋ ነው።

"ወሬ ይወዳሉ ማለት ነው?" ብሎ ሳቀ ደላላው።

"ተዋቸው፣ ዓለማቸው ናት። መስኮት ካጡ ይሞቱብኛል።"

ከዚያ ቁልፉን ሰጣት። ከዚያ አለቀሰች።

"ምን ያስለቅስሻል?"

"ደስ ብሎኝ ነው።"

ለእኔ ነበር ልጆቼ። መስኮት እየፈለገችልኝ ነበር... በመስኮት ስቀርጻት።

...

በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልጄ መጣ። ከስቷል። ጢሙን አልተላጨም። ስልኩን ልሰጠው ቪዲዮዋን ብከፍታት አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ። ድምፅ የለ፣ ቁልፍ የለ። እንደ ድሮዋ።

በአፌ መናገር ሊኖርብኝ ነው።

ይሄ አፍ ስንቱን ተናግሯል! የስንቱን ጓዳ ዘርግፏል! ያን ቀን ግን...

"ሹራብህ ክርኑ ጋ ተቀዷል" አልኩት።

"የሚሰፋው ሰው የለም" አለና ወደ በሩ ሄደ።

ጢን!

ስልኩን አየሁ። "ሌላ ተጠቃሚ ሃሳብ ልኳል፦ ንገሪው።"

"ልጄ!" ብዬ ጮህኩ። ደረጃው ላይ ነው የደረሰበት ድምፄ። ተመለሰ። ነገርኩት። ደላላ ነው አልኩት፣ ቁልፍ ነው፣ ለእኔ ቤት ነው አልኩት። እንዴት አወቅሽ አላለኝም። የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠና ፊቱን ሸፈነ። ከዚያ ሮጦ ወረደ።

ተገላገልኩ ብዬ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ደወለ።

"እማዬ፣ ደላላውን አግኝቼ አረጋገጥኩ፤ ከዚያ ሄጄ ሚስቴ እግር ላይ ወደቅሁ። እመለሳለሁ አላለችም፣ አልመለስም አላለችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።"

"ምን?"

"ከሰውዬው ጋር ብዙ ነው ያወራሁት፣ ቪዲዮውን ማን ቆረጠው አለች። ባይቆረጥ እኮ እጇን ወደ መስኮቱ ስትቀስር አይ ነበር። እማዬ... ማን ቆረጠው?"

አሁን "እኔ" ማለት ምን ይከብዳል? ሁለት ፊደል ናት።

"ማይክ ናት" አልኩ። "መቀስ የእሷ ሥራ አይደል?"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ልጄ በቀጥታ ምድር ቤት ገባ፤ ጩኸቱ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ይሰማል። ጸጉራቸው የረጠበ ሴቶች ፎጣ ጭንቅላታቸው ላይ ጠምጥመው ወጡ። ማይክ በሩ ላይ ቆማ፣ "በሞቴ አልቆረጥኩም! በሞቴ!" ትላለች። እጇ ላይ መቀስ አለ። ማን ያምናታል?

እኔ በመስኮት አየኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። አላጋለጠችኝም። በሯን ዘጋች። ይኸው ስድስተኛ ቀኗ፣ አልከፈተችም።

ያችው አፏ አያርፍም ያልኳት ልጅ፣ የእኔን ጉድ ዋጠችው።

...

ማጫወቻውን ከስልኩ አጠፋሁት። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ተመልሶ ቦታው ላይ ተቀምጧል።

ሃሳብ መላኪያውን ከፈትኩ። የሁሉም ሰው ሃሳብ ተደርድሮ የሚታይበት ገጽ አለ፣ ሰዉ "ጨለማ ገጽታ ይኑረው፣ ማስታወቂያ ይቀነስ" የሚልበት። አሁን ግን ሌላ ነው የሚለው።

"የሴትዮዋን ድምፅ ጨምሩልን።"

"ፊቷን አቅርቡልን።"

"የቆረጠችውን መልሱልን።"

እኔ የጠየቅሁትን ነው። ስለ እኔ እየጠየቁ ነው።

ዛሬ ጠዋት ቆረጥኩ፣ በመቀስ አይደለም፣ በልቤ። አዲሱን ሰማያዊ ሹራቤን ከሳጥን አወጣሁ፣ ምራቴ የሠራችልኝን፣ አንድም ቀን ያልለበስኩትን፣ የአንገቱ ክር ገና ያልተቆረጠውን። ለበስኩትና ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ስፈራ ውዬ ለልጄ ደወልኩ።

ሰዓቱ... አዎ፣ ዘጠኝ።

"ልጄ፣ ማይክ አይደለችም። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። እኔው ነኝ።"



"አውቃለሁ እማዬ" አለ። "አሁን እያየነው ነው። እሷም አብራኝ አለች።"

"ምኑን?"

"ቪዲዮውን። አሁን ከአንቺ ስልክ ደረሰን። ከኋላሽ ነው የተቀረጸው። አረንጓዴ ሻሽ አስረሻል... ስልኩ ላይ አቀርቅረሽ ትቆርጫለሽ። ትስቂያለሽ።"

"ልጄ፣ እኔ ምንም አልላክሁም።"

"እማዬ... ማን ነው የቀረጸሽ?"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

"ቆይ፣ አላለቀም" አለ። ድምፁ ቀጠነ። "አሁን ደግሞ ስልክ እያወራሽ ነው። ሰማያዊ ሹራብ ለብሰሻል። እማዬ፣ ይሄን ሹራብ መቼ ለበስሽው?"

እጅጌዬን አየሁ።

የአንገቱ ክር ላይ ትንፋሽ ያረፈብኝ መሰለኝ።

"አሁን ዞር አልሽ" አለ ልጄ። "ወደ እኛ እያየሽ ነው... እየሳቅሽ ነው... እማዬ፣ ተዪው፣ አትሳቂ!"

ልጆቼ፣ እኔ አልዞርኩም።

አልሳቅሁም።

ከዚያ የምራቴን ድምፅ ሰማሁ፣ ከአራት ወር በኋላ። ስልኩን ነጥቃው ነው። "እማማ! ይውጡ! ከዚያ ቤት አሁኑኑ ይውጡ፣ እየመጣን ነው!" ከኋላዋ ሚጢጢ፣ "አያዬ ጋ ማን መጣ?" ትላለች።

መስመሩ ተቋረጠ።

እስኪደርሱ ነው ይሄን የምነግራችሁ። ታች ሴቶቹ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ገብተዋል። መስኮቷን እያየሁ ነው የምናገረው፣ ከመስኮቷ ሌላ የትም አላይም።

ይውጡ ብላኛለች። እኔም መውጣት እፈልጋለሁ።

ግን በሩ ያለው ከኋላዬ ነው።